የተገለበጠው ዝሆንና የአባቴ አልበም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ የሙት ዓመቱን ተዝካር በጥር አውጥተናል። በሥራ ዘመኑ የፖሊ ቴክኒክ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቴምብር መሰብሰብ የለመደውም እዚያ ያስተምሩ ከነበሩ ሩሲያውያን ነው። ትቶልን የሄደው አንድ ወፍራም አልበም ነው። ልጆች ሳለን እጃችንን ሳንታጠብ አያስነካንም ነበር። ከየቴምብሩ ሥር በእርሳስ የሚጽፋት ነገር አለች፤ እኛ ግን ምን እንደምትል አንብበን አናውቅም።

ከተዝካሩ በኋላ ታናሽ ወንድሜ አልበሙን ሲያገላብጥ አንድ የዝሆን ቴምብር አገኘ። ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ዝሆኑ ግን እግሩ ወደ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አውሮፕላን የተገለበጠበት የአሜሪካ ቴምብር ከሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ወንድሜ ባጃጅ ተከራይቶ ነው የሚነዳው፤ ቀን ሙሉ ለፍቶ ግማሹን ለባለቤቱ ያስረክባል። የራሱን ለመግዛት ይህ አንድዬ የሰጠው ዕድል ነው ብሎ ያምናል።

እናቴ ደግሞ «እኔ ሳልሞት ከዚህ ቤት አይወጣም» ብላለች። እሷ የዘጌ ልጅ ናት፤ ከአልበሙ የምትወደው ጣና ላይ ታንኳ ያለበትን ነው፤ ስለ ዝሆኑ ግድ የላትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በወንድሜ ጓደኛ በኩል ቤት ድረስ መጣ። ዝሆኑን ደጋግሞ አደነቀ። በአልበሙ የኋላ ኪስ ውስጥ አንድ የወየበ ፖስታ ነበር፤ ምኒልክ ያሉበት ሰማያዊ ቴምብርና ከጎኑ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ሌላ ቴምብር ተለጥፎበታል፤ ማኅተሙ ላይ በላቲን ፊደል ሐረር የሚል ይነበባል። እሱን ምንም ሳይናገር ግራ ቀኝ አገላብጦ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ከዚያ «ፖስታውንም ጨምሮ ለሁሉም 60 ሺህ ብር እሰጣለሁ፣ ግን እስከ እሑድ ወስኑ» አለ። ወንድሜ አሁን የሚለው ፖስታው ስለቆሸሸ ቴምብሮቹን በሞቅ ያለ ውሃ አላቅቀን ለብቻቸው እንሽጣቸው ነው።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው፤ «አንቺማ ደመወዝ አለሽ» ይለኛል። እውነት ለመናገር ብሩ እኔንም ያጓጓኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አባቴ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ደግሞ የዝሆኑን ጀርባ ሳየው ሙጫው ቡናማ ሆኖ በሰያፍ ተሰነጣጥቋል። ይህ ጉዳት ዋጋውን ይቀንሰው ይሆን? እስከ እሑድ ምን ልወስን?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ያ ፖስታ ውሃ እንዳይነካው አድርጊ። የቀረውን ሳታነቢ አሁኑኑ ለወንድምሽ ደውይለት። «ለጊዜው አትንካው፣ ምክንያቱን ማታ እነግርሃለሁ» በይው፤ ይበቃል።

ደወልሽ? እንግዲህ ቀስ ብለን እንነጋገር። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማርልሽ። ብሩ ያጓጓኛል ማለትሽን እንደ ኃጢአት ነው የጻፍሽው፤ እኔ ግን ምንም ክፉ ነገር አላየሁበትም። በዚህ ኑሮ ውድነት 60 ሺህ ብር ሲባል ልቡ የማይመታ ደመወዝተኛ ማን አለ? ይልቅ ይህን ከወንድምሽ መደበቅሽ ይመስለኛል ነገሩን ያከበደው። እሱ አንቺን የጠገበች እኅት አድርጎ ያይሻል፤ አንቺም በዝምታሽ ታጸድቂለታለሽ። «እኔም ያምረኛል» ብትይው ምን የሚሆን ይመስልሻል?

አሁን ወደ ዝሆኑ። ከገለጻሽ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1911 ዓ.ም. ከወጣው 15 ቴምብር ያለው ተከታታይ አንዱ ይመስለኛል። ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ ሰጎንና አንበሳ አሉበት፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪና ንግሥቲቱም አሉበት። የታተመው ስዊዘርላንድ ነው። መሃሉ በአንድ ቀለም፣ ዙሪያው በሌላ ቀለም ስለሆነ ወረቀቱ ማተሚያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት። በሁለተኛው ዙር ዞሮ ከገባ እንስሳው ተገልብጦ ይወጣል። ወንድምሽ ያየው አውሮፕላንም የተገለበጠው እንዲሁ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ መቶ ቴምብር የያዘ አንድ ወረቀት ብቻ ከፖስታ ቤት መስኮት አምልጦ ወጣ፤ ዋጋውን ሰማይ ያደረሰው ከዚያ ሌላ አለመገኘቱ ነው።

የኛ ዝሆን ጉዳይ ይለያል። ይህ ተከታታይ ከጊዜ በኋላ ለሰብሳቢዎች ገበያ እንደገና ታትሟል። ከድጋሚው እትም መካከል ጥርሱ (በጠርዙ ዙሪያ ያለው ቀዳዳ) ያልተበሳም፣ መሃሉ የተገለበጠም ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ቴምብር ላይ መገልበጡ ብቻውን የብርቅነት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም የሚያጠራጥር ምልክት ነው። ሁለቱን እትሞች ለመለየት የቴምብር ካታሎግ አዘጋጆች የሚሰጡት ዋና መለያ ደግሞ ጀርባው ላይ ነው፦ የመጀመሪያው እትም ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የድጋሚው ግን ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው።

የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። አንቺ ጉዳት ያልሽው ነገር የቴምብሩ መታወቂያ ሳይሆን አይቀርም። በእርግጥ ሳላየው ፍርድ መስጠት አልችልም፤ አንቺም በእኔ ቃል ብቻ አትደምድሚ። ነገር ግን ድጋሚ እትም ከሆነ ዋጋው ለባጃጅ ቀርቶ ለባጃጅ ጎማም ላይበቃ ይችላል። ይህን ለወንድምሽ መንገር ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ። «ተሳስተሃል» ከምትይው ይልቅ ቴምብሩን ገልብጣችሁ ጀርባውን አብራችሁ በማጉያ መነጽር ብታዩት ይሻላል። ገጹ ላይ ከሙጫው ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን አታላቅቁት፤ እንዳለ ይቆይ።

እኔን ያስጨነቀኝ ፖስታው ነው።

ሰማያዊው ምኒልክ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብር ተከታታይ ውስጥ ያለው የአንድ ግርሽ (የዚያን ዘመን ገንዘብ) ሊሆን ይችላል። ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያወጁት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ቴምብሮቹ ፓሪስ ታትመው መጡ፣ በ1887 ሥራ ላይ ዋሉ። ሰባት ናቸው፤ ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ የ4፣ የ8ና የ16 ግርሾቹ የይሁዳ አንበሳ አለባቸው። ሳይላክባቸው የቀሩት እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ በብዛት ስላሉ፣ ለብቻው የቆመ ሰማያዊ ቴምብር ጉድ የሚያሰኝ አይደለም። እውነተኛ ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መንገድ የሄደ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እሱን ነው።

ከጎኑ ያለው የፈረንሳይኛ ቴምብርስ ምን ይሠራል? ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ጂቡቲን አልፎ አይሠራም ነበር። ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚጽፍ ሰው የኢትዮጵያ ቴምብር ይለጥፋል፤ ባሕሩን ለሚሻገረው ክፍል ደግሞ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ (የዛሬዋ ጂቡቲ) ቴምብር ይጨመርበታል። እንግዲህ ያንቺ ፖስታ ላይ ያለው ሁለተኛው ቴምብር ያ ከሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን መሆናቸው ራሱ የዚያን ዘመን የደብዳቤ መንገድ ይመሰክራል። ወንድምሽ እንዳሰበው በሞቀ ውሃ ቢላቀቁ በእጃችሁ የሚቀረው ሁለት አሮጌ ቴምብርና አንድ እርጥብ ወረቀት ነው። ያን መልሶ የሚለጥፍ ባለሙያ የለም፤ ቢኖርም አጭበርባሪ ይባላል።

ማታ በጥሩ ብርሃን ቁጭ በሉና ፖስታውን እዩት። የሐረሩ ማኅተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ የፖስታው ወረቀት ላይ አርፏል ወይስ ቴምብሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል? ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ከዘለቀ ቴምብሩ በኋላ የተለጠፈ ላለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። የማኅተሙ ቀንስ ይነበባል? ከዚያ ገልብጡት። ጀርባው ላይ የጂቡቲ ወይም የመድረሻው ከተማ ማኅተም ካለ ቀኖቹን በተራ ጻፉ፤ ሐረር ቀድሞ፣ ጂቡቲ ተከትሎ፣ መድረሻው መጨረሻ መሆን አለበት። ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። ዓመቱም ኢትዮጵያ ኅብረቱን ከገባችበት ከ1908 እ.ኤ.አ. (ከ1901 ዓ.ም.) በኋላ ከሆነ የጂቡቲው ቴምብር ለምን እንዳስፈለገ ጥያቄ ይነሣል።

ምኒልክ ባሉበት ቴምብር ላይ በማኅተም የተመታ ተጨማሪ ቃል እንዳለም ተመልከቱ፤ «ቦስታ» ወይም «መልክት» የሚል ሊሆን ይችላል። ከ1890ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚህ ቴምብሮች ላይ እንዲህ ያሉ ቃላት በእጅ እየተመቱ ወጥተዋል። ችግሩ ግን የጎማ ማኅተም ማስቀረጽ ለማንም ቀላል ነው፤ እነዚህ ጽሑፎች በጣም ብዙ ተመሳስለው ተሠርተዋል። ቃሉ ካለ «ጨመረ» ብላችሁም «ቀነሰ» ብላችሁም አትቸኩሉ፤ እሱን ከፎቶ አይቶ የሚፈርድ ሰው ካጋጠማችሁ እንዲያውም ጠርጥሩት።

ጥርሱንም መቁጠር ትችላላችሁ። ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ ከቴምብሩ አጠገብ አስተኝታችሁ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ተከታታይ በአግድም 14፣ በቁም 13 ተኩል አካባቢ ነው። ከዚህ በጣም ከራቀ ያጠራጥራል፤ ከገጠመ ግን ጥርጣሬ ቀነሰ ማለት እንጂ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ይህን ሥራ ለወንድምሽ ስጪው። ዓይኑም እጁም ሥራ ይይዝለታል፣ በነገሩ ውስጥም ይገባል።

ልቤ ወደ ፖስታው ማድላቱን ታያለሽ፤ አንቺ ግን በሌላ ተስፋ እንዳትሞዪ። ያን ጊዜም ቢሆን ሰብሳቢዎችን ለማስደሰት ብቻ ተጽፈው የተላኩ ፖስታዎች ነበሩ፤ እነሱም ዋጋ አላቸው፣ ግን ከነጋዴ ወይም ከመልእክተኛ እውነተኛ ደብዳቤ ጋር አንድ አይደሉም። የማን ስም ነው የተጻፈበት? ከውስጡ ደብዳቤ አለ? አልነገርሽኝም።

አያያዝ ላይ ትንሽ ልበልሽ፤ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ብዙ ቅርስ የሚበላሸው በፍቅር ነው። ላሚኔት እንዳታስደርጊው! በኛ አገር ውድ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፤ ፖስታው ላይ ግን ውሃውን ያህል ይጎዳዋል። ፕላስተርም አይነካው። ቴምብር ማንሣት ካለባችሁ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ አንሡ። ክረምት ሲገባ የጣና እርጥበት ሙጫውን ያቀልጠውና ቴምብሩን ከገጹ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ አልበሙ ከወጥ ቤትና ከውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ፤ ሌላ ዕቃ ላዩ ላይ አይጫን።

ከዚያ ስካን ማድረግ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ፖስታውን ፊትና ጀርባ፣ ዝሆኑንም እንደዚሁ፣ በ600 ዲፒአይ አስደርጉ። ወረቀት በሚስበው ማሽን ውስጥ እንዳያስገቡት፤ መስታወቱ ላይ አስተኝተው ይሥሩት፣ አንቺም ከጎኑ ቁሚ። ፋይሉን ባንቺ ስልክ ብቻ ተቀበዪ፤ ከባለ ሱቁ ኮምፒዩተር ላይ እስኪጠፋ ጠብቂ። ሰውየው ፎቶ አንሥቶ ሄዷል፤ ይበቃዋል።

ማን ያየው? ባሕር ዳር ፖስታ ቤት ሠራተኞች ትክክለኛነት አያረጋግጡልሽም፤ ሥራቸውም አይደለም። አዲስ አበባ ግን ዋናው ፖስታ ቤት ለሰብሳቢዎች የሚሠራ የፊላቴሊ ክፍል አለው፤ የፖስታ ሙዚየሙም እዚያው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። ሙዚየሙ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ከእናንተው ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል። ዕቃውን ይዘሽ መንገድ አትጀምሪ፤ መጀመሪያ ስካኑ ይሂድ። ከእነሱ ሌላ ለኢትዮጵያ ቴምብር ሰብሳቢዎችም አሳዪ። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ፦ የሚገምተው ሰውና የሚገዛው ሰው አንድ አይሁን። «ብሸጥልዎ ይገዛሉ?» ብለሽ ጠይቂ፤ «አዎ» ካለ ምክሩን አመስግነሽ ተቀበዪ፣ ዋጋውን ግን ከሌላ ሰው ስሚ።

እነዚህ ሰዎች «ይህ ዋጋ አለው» ካሉሽ ነው ቀጣዩ ደረጃ የሚመጣው። ለንደን ያለው የሮያል ፊላቴሊክ ሶሳይቲ የባለሙያዎች ኮሚቴና ኒው ዮርክ ያለው ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ቴምብርና ፖስታ መርምረው፣ የዕቃው ፎቶ ያለበት የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ትልልቅ ጨረታዎች ላይ የሚሸጠው በዚያ ወረቀት ነው። ክፍያ አለው፣ ዕቃው ራሱ መላክ አለበት፣ ጊዜም ይወስዳል። ለዝሆኑ ይህን ሁሉ ማውጣት ገንዘብ መበተን ነው፤ ለፖስታው ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ካበረታቱሽ ያዋጣ ይሆናል። ከአገር ከመውጣቱ በፊት ግን የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቂ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተከልክሏል፤ ይህ ፖስታ በዚያ ይሸፈን እንደሆነ ከእነሱ በጽሑፍ መልስ ያዢ። በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ መከራከር አያምርም።

ካታሎግ ላይ ያለውን ዋጋ ስታዪ ደግሞ ልብሽ እንዳይዘል። ስኮትም ሆነ ስታንሊ ጊበንስ የሚጽፉት ምንም እንከን የሌለው ቴምብር ከነጋዴ ሱቅ ሲገዛ ያለውን ነው፤ ለሻጭ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አንቺ ባንክ ነሽ፣ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነት እኔ አላስተምርሽም።

ስለ ሰውየው። ሌባ ነው አልልም። ዝሆኑን እያደነቀ ፖስታውን በዝምታ ፎቶ ማንሣቱ ግን አንቺም ስትጽፊ ከንክኖሻል፤ አለዚያ ያን ያህል በዝርዝር አታስቀምጪውም ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ወረቀት በእሑድና በሰኞ መካከል አይረክስም። ቀነ ገደብ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፤ ምክንያቱ አንድ ሳምንት ካገኛችሁ እናንተም ማወቅ ትጀምራላችሁ። ከዚህ በኋላም ቢሆን ወንድምሽ ብቻውን ከእሱ ጋር እንዳይገናኝ በምትችይው መንገድ አድርጊ፤ አላመንኩህም ለማለት ሳይሆን፣ የቸገረው ሰው ብቻውን ሲደራደር ስለሚጎዳ።

እናትሽስ? «ከዚህ ቤት አይወጣም» ያሉትን ሁላችሁም «አይሸጥም» ብላችሁ የሰማችሁት ይመስለኛል። እርግጠኛ ነሽ? የማያውቁት ሰው በሐዘን ቤታቸው ገብቶ፣ ባላቸው በንጹሕ እጅ ይነኩት የነበረውን አልበም ሲያገላብጥና ሲገምት አይተዋል። እኔ ብሆን እኔም «አይወጣም» እል ነበር። ማንም ሳይመጣባቸው፣ ቡና ሲፈላ፣ ወንድምሽም ባለበት አልበሙን ከፊታቸው አድርጊና በእርሳስ የተጻፈውን አንብቢላቸው። ለልብሽ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ፖስታውን ከማን እንዳገኙ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በምን ለውጠው እንደወሰዱ ጽፈው ከሆነ፣ ያ የዕቃውን አመጣጥ የሚያስረዳ ማስረጃ ነው፤ ገዢም መርማሪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ያልተጻፈውን እናትሽ ያስታውሱት ይሆናል። «ይሄን ያ ረጅሙ ሩሲያዊ ነው የሰጠው» ካሉ ቀኑን ጨምረሽ በደብተር ጻፊ። በአልበሙ ገጽ ላይ ግን ምንም አትጨምሪ፣ የእርሳሱንም ጽሑፍ አታጥፊ።

ያ የሚወዱት የታንኳ ቴምብር በ1939 ዓ.ም. ከወጣው የመልክዓ ምድር ተከታታይ ሊሆን ይችላል፤ ጣናም ታንኳም እዚያ ውስጥ አሉ። ገበያ ላይ ብዙም የሚያወጣ አይመስለኝም። ስለዚህ እሱ የማንም ድርድር ውስጥ እንደማይገባ ገና ሳይጀመር ንገሪያቸው። «የትኞቹ ይቅሩልሽ?» ብለሽም ጠይቂያቸው። ምናልባት የሚመርጧቸው ሁሉ ርካሾቹ ይሆናሉ። ምናልባትም «ፖስታው ይቅር» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሌላ ወሬ እናወራለን።

በሕግም ቢሆን ብዙ አትሟገቱ እንጂ፣ በትዳር ዘመን የተሰበሰበ ንብረት ስለሆነ የእናትሽ ድርሻ ግማሽ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ የቀረው ለእናንተ ለልጆች እኩል ነው። ሌላ ወንድም ወይም እኅት ካለ እሱም አለበት። የወራሽነት ማስረጃ ካላወጣችሁ አውጡ፤ ነገሩ ዋጋ ካለው ከሽያጩ በፊት መጠየቁ አይቀርም።

ወንድምሽ ባጃጅ መፈለጉ ከአልበሙ ጋር ባይያያዝ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም አልበሙ ምንም ባያወጣ እሱ ያለ ባጃጅ፣ እናንተም ያለ ሰላም ትቀራላችሁ። አንቺ የብድርን መንገድ ታውቂያለሽ። ለቅድመ ክፍያው ስንት እንደጎደለው፣ በዕቁብ ይሞላ እንደሆነ፣ አንቺስ ምን ያህል ልታግዢው እንደምትችዪ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ይህን ካደረግሽ በኋላ ስለ ቴምብሩ ብትከራከሩ ክርክሩ በጣም የሚቀል ይመስለኛል። «አንቺማ ደመወዝ አለሽ» ማለቱ እኮ በሌላ አማርኛ «እኔን ማን ያየኛል» ነው። ዋስ ሆኚለት ማለቴ ግን አይደለም፤ እሱን ልብሽና የደመወዝሽ መጠን ይወስኑት።

ለእሑዱ ቀጠሮ በአካል መገናኘት አያስፈልግሽም፤ አርብ ማታ አጭር መልእክት ላኪለት፦ «ጤና ይስጥልኝ። አልበሙ የቤተሰብ ስለሆነ አስመርምረን ነው የምንወስነው። የእሑዱ ቀጠሮ ይቅር። ፍላጎት ካለዎ ዝሆኑን ለብቻ፣ ፖስታውን ለብቻ በስንት እንደሚገዙ በጽሑፍ ይላኩልን።» ዋጋ ለየብቻው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ይነግርሻል። ዝም ካለም መልስ ነው። ደውሎ «እሺ፣ መቶ ሺህ ላድርገው» ካለሽ ደግሞ ሳትቆጪ «አርባው ሺህ የተጨመረው በየትኛው ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ያለሽን ከማኅተሞቹ ቀን ጋር ጻፊልኝ።